የሕክምና መዝገብን ከላብራቶሪ፣ ከራዲዮሎጂና ከፋርማሲ ሶፍትዌሮች ጋር ማገናኘት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ

ሥራውን ዛሬ ጀምረናል። በሆስፒታሉ ውስጥ አራት ሶፍትዌሮች አሉ፤ ሐኪሞችና ነርሶች የሚጽፉበት ኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ፣ የላብራቶሪው የራሱ ሥርዓት፣ የራዲዮሎጂው የምስል ማኅደር እና የፋርማሲው የክምችትና የዕደላ ሶፍትዌር። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ የተሠራበትን ዓላማ በሚገባ ያከናውናል። ችግሩ ያለው በመካከላቸው ነው። ሐኪሙ በመዝገቡ ላይ ያዘዘው ምርመራ በወረቀት ታትሞ ወደ ላብራቶሪ ይሄዳል፤ ባለሙያው ከወረቀቱ እያየ በራሱ ሶፍትዌር ይመዘግበዋል፤ ውጤቱም በዚያው መንገድ ተመልሶ በሰው እጅ ወደ መዝገቡ ይገባል። የአንድ ታካሚ ሶዲየም፣ ፖታሺየም፣ ክሎራይድ፣ ዩሪያና ክሬአቲኒን አንድ በአንድ ሲጻፉ ቆሜ ተመልክቻለሁ። 4.3 የሚለው ቁጥር ነጥቡ ከተዘለለ 43 ይሆናል፤ መዝገቡ ደግሞ የገባለት ነገር ቁጥር እስከሆነ ድረስ ሳይጠይቅ ይቀበላል።

በመጀመሪያ የወሰንነው የግንኙነቱን ቅርጽ ነው። አራቱን ሶፍትዌሮች እርስ በርስ በቀጥታ ማገናኘት ስድስት መስመሮችን ይጠይቃል፤ የክፍያ ሥርዓቱ አምስተኛ ሆኖ ሲጨመር መስመሮቹ አሥር ይሆናሉ፤ ስድስተኛ ሲመጣ ደግሞ አሥራ አምስት። አንዱ ሶፍትዌር በታደሰ ቁጥር ከእርሱ ጋር የተያያዙት ሁሉ እንደገና መፈተሽ ይኖርባቸዋል። ስለዚህ በመሀል አንድ አገናኝ ሰርቨር ቆሞ ሁሉም ከእርሱ ጋር ብቻ እንዲነጋገሩ ተስማምተናል። የመሀሉ ሰርቨር ሲበላሽ ሁሉም መስመር እንደሚቆም እናውቃለን፤ ይህን ስጋት የምንቀንሰው ግን መልእክቶችን በዲስክ ላይ በማቆየትና ተተኪ ሰርቨር በማዘጋጀት ይሆናል።

ረቡዕ

ዛሬ እያንዳንዱ ሶፍትዌር የትኛውን የመልእክት ደረጃ፣ ማለትም ሶፍትዌሮች መልእክት የሚለዋወጡበትን የጋራ ደንብ፣ እንደሚያውቅ ስንመረምር ዋልን። ላብራቶሪው የሚያውቀው የኤችኤል 7 ሁለተኛ ትውልድን፣ ቅጂ 2.5.1ን ብቻ ነው። ኤችኤል 7 የተባለው ደረጃ አውጪ ድርጅት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን፣ የሁለተኛው ትውልድ መልእክቶች መስኮቻቸው በቋሚ ሰረዝ የሚለያዩ ተራ ጽሑፎች ናቸው። ቢያረጅም በሆስፒታሎች ውስጥ ዛሬም በስፋት ይሠራበታል። የሕክምና መዝገቡ ሶፍትዌር ይህንንም በከፊል ያውቃል፤ ይበልጥ የሚመቸው ግን አዲሱ ደረጃ ፋየር ነው። የፋየር ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2011 በአውስትራሊያዊው ግራሃም ግሪቭ አነሳሽነት የተጀመረ ሲሆን፣ እኛ የምንጠቀምበት አራተኛው ቅጂ በ2018 መጨረሻ ወጥቷል። ከይዘቱ የተወሰነው ክፍል ከዚያ በኋላ ነባሩን በሚያፈርስ መልኩ እንዳይለወጥ የጸናው በዚህ ቅጂ በመሆኑ፣ በእርሱ ላይ መገንባት አያስፈራም። የራዲዮሎጂው ሥርዓት የሕክምና ምስሎች መለዋወጫ ደረጃ የሆነውን ዳይኮምን ይናገራል። ፋርማሲው ግን የትኛውንም ደረጃ አያውቅም፤ ያለው የራሱ ዳታቤዝና በየጊዜው የሚያወጣው የሠንጠረዥ ፋይል ብቻ ነው።

ከቡድናችን ውስጥ ላብራቶሪው ፋየር የሚያውቅ አዲስ ቅጂ እስኪያገኝ እንጠብቅ ያሉ ነበሩ። እኔ ይህን ተቃውሜያለሁ። የላብራቶሪ ሶፍትዌር በቶሎ የሚቀየር ዕቃ አይደለም፤ ከመመርመሪያ ማሽኖቹ ሁሉ ጋር የተሳሰረ ነው። ነባሩ መልእክት የሚጎድለው የጠራ ትርጉም እንጂ የመድረስ አቅም ስላልሆነ፣ የመሀሉ ሰርቨር ከላብራቶሪው ኤችኤል 7ን ተቀብሎ ወደ ፋየር ቀይሮ ለመዝገቡ እንዲያቀብል ተወስኗል።

ዓርብ

በፈተና ሰርቨሩ ላይ፣ ፈጽሞ በሌለ የፈጠራ ታካሚ ስም፣ የመጀመሪያው የውጤት መልእክት ከላብራቶሪው ተልኮ ደርሷል፤ ተቀባዩ ግን ሊያነበው አልቻለም። የስህተት መግለጫው የታካሚ ክፍሉ የለም ይላል፤ በጽሑፍ አንባቢ ከፍተን ስናየው ግን ክፍሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚረዳው ጽሑፉን ትቶ ባይቶቹን አንድ በአንድ መመልከት ነው። እንዲህ ያለው መልእክት ቁምፊዎችን በቁጥር በሚወክለው በአስኪ ሠንጠረዥ ቁጥር 11 በሆነ የማይታይ ቁምፊ ይጀምራል፤ በቁጥር 28 እና በቁጥር 13 ያልቃል፤ በውስጡ ያሉት ክፍሎችም የሚለያዩት በዚያው በቁጥር 13 ነው። የላብራቶሪው ላኪ በየክፍሉ መጨረሻ ያስቀመጠው ግን ቁጥር 10ን ነበር። ሁለቱም በሰው ዓይን አዲስ መስመር ናቸው፤ ለተቀባዩ ግን መልእክቱ በሙሉ አንድ ረጅም የራስጌ ክፍል ሆኖበት ነበር። ላኪው ላይ አንድ ቅንብር ሲስተካከል ችግሩ ተወግዷል።

ከዚያ የታካሚው ስም በጥያቄ ምልክቶች ተተክቶ መጣ። በመልእክቱ ራስጌ አሥራ ስምንተኛው መስክ ላይ የቁምፊ ስብስቡ መገለጽ ሲኖርበት ባዶ ነበር፤ ተቀባዩም በላቲን ፊደል የተጻፈ ነው ብሎ ገምቷል። አሁን የግዕዝንም ፊደል በሚይዘው የቁምፊ ስብስብ ስም፣ ዩኒኮድ ዩቲኤፍ-8 ተብሎ በግልጽ ይላካል። ይህን መስክ ባዶ የተወ መልእክት ከእንግዲህ እንዳናስገባም ወስነናል፤ በላቲን ፊደል የማይጻፍ ስም ባለበት ሁሉ ይህ መስክ የታካሚውን ማንነት የሚነካ ነውና።

የደረሰኙን ጉዳይ ሳላነሣ አላልፍም። ተቀባዩ መልእክት ሲደርሰው “ኤኤ” (ተቀብያለሁ) የሚል ምላሽ ከሰጠ ላኪው ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ መልእክቱን ከወረፋው ያወጣዋል። አንዳንድ አገናኝ ሶፍትዌር ይህን ምላሽ የሚሰጠው መልእክቱ ገና በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ላይ ሳለ ነው፤ በዚያች ቅጽበት መብራት ቢቋረጥ ውጤቱ በላኪው ዘንድ ደርሷል፣ በተቀባዩ ዘንድ ግን የለም። የእኛ ሰርቨር መልእክቱን ዲስክ ላይ ጽፎ ሳያረጋግጥ ደረሰኝ እንዳይሰጥ ተደርጓል። ልውውጡን ጥቂት ያዘገየዋል፤ መዘግየቱን ግን ማንም ተጠቃሚ አላስተዋለውም።

ሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ

ወደ ዋናው ነገር ገብተናል፤ ይህ ውጤት የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። በእኔ እምነት በዚህ ሥራ ውስጥ ያለው ሌላው ችግር ሁሉ ከዚህ በታች ነው። የዘገየ ውጤት ይጠበቃል፤ የጠፋ ውጤት ምርመራው ተደግሞ ይገኛል፤ በሌላ ሰው መዝገብ ውስጥ የገባ ውጤት ግን ሁለት ታካሚዎችን ባንድ ጊዜ ይጎዳል፤ አንዱ የእርሱ ባልሆነ ቁጥር ይታከማል፣ ሌላኛው መታከም ሲገባው ይቀራል።

መለያችን የካርድ ቁጥር ነው። የሕክምና መዝገቡ የካርድ ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ ይይዘዋል፤ ላብራቶሪው ደግሞ እንደ ቁጥር። በዚህ ምክንያት 0045120 የሚለው ካርድ ላብራቶሪ ደርሶ ሲመለስ 45120 ሆኖ ይመጣል። ዜሮውን ከፊት እየሞሉ መመለስ ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ከዓመታት በፊት የተሰጡ፣ በአምስት አሃዝ ብቻ የተጻፉ ካርዶች በመዝገቡ ውስጥ አሉ። ስለዚህ ዜሮ መሙላቱን ትተን ላብራቶሪው መስኩን ወደ ጽሑፍ እንዲቀይር ጠይቀናል። እስከዚያው ድረስ እያንዳንዱ ትዕዛዝ የራሱ የማይደገም ቁጥር ተሰጥቶት በናሙናው ባርኮድ ላይ ይታተማል፤ ውጤቱም ያንኑ ቁጥር ይዞ ይመለሳል። ይህ በተግባር ከካርድ ቁጥሩም የጠነከረ ማሰሪያ ሆኖ አግኝተነዋል፤ ምክንያቱም ውጤቱን ከታካሚው ስም ጋር ሳይሆን ሐኪሙ ካዘዘው ከዚያው ምርመራ ጋር ያገናኘዋል።

ትዕዛዝ ሳይኖራቸው የሚመጡ ውጤቶች ደግሞ አሉ። በድንገተኛ ክፍል ናሙናው ቀድሞ ተወስዶ ትዕዛዙ በኋላ ይጻፋል። ራሱን ስቶ የመጣ ታካሚ ስሙ እስኪታወቅ ድረስ በጊዜያዊ ቁጥር ይመዘገባል። ጨቅላ ሕፃናት በእናታቸው ስም ይገባሉ፤ መንታ ሲሆኑ ስሙ፣ የልደት ቀኑ፣ ብዙ ጊዜም ጾታው አንድ ይሆናል። የልደት ቀኑን የማያውቅ ሰው ዕድሜው ተገምቶ የዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ይጻፍለታል፤ በመዝገቡ ውስጥ የዚያ ቀን ልደት ያላቸው ታካሚዎች ብዛት ከሌላው ቀን ሁሉ ጎልቶ የሚታየውም ለዚህ ነው። በዚህ ሁኔታ ስምንና የልደት ቀንን አነጻጽሮ “ይህ ሰው ያ ሰው ነው” ማለት አደገኛ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ንጽጽር የራሱ ሳይንስ አለው። ኢቫን ፌሌጊ እና አላን ሰንተር እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጡት ጥናት፣ በሁለት መዝገቦች መካከል የእያንዳንዱ መስክ መመሳሰል ወይም አለመመሳሰል ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጠው በፕሮባብሊቲ አስልተው፣ ውጤቱን በሦስት ከፍለውታል፤ አንድ ናቸው፣ አንድ አይደሉም፣ በሰው መታየት አለባቸው። ብዙ ሶፍትዌሮች ሦስተኛውን ክፍል ለማጥበብ ይጥራሉ። እኛ ለላብራቶሪ ውጤት ያሰፋነው ሆን ብለን ነው። የትዕዛዝ ቁጥር ወይም የካርድ ቁጥርና የልደት ቀን በትክክል ካልገጠሙ፣ ስም ምንም ያህል ቢመሳሰል፣ ውጤቱ ወደ ማንም መዝገብ አይገባም፤ በካርድ ክፍል ባለሙያ ወደሚታይ ዝርዝር ይሄዳል። ዝርዝሩ በየጠዋቱና በየማታው የሚያየው ሰው በስም ተመድቦለታል። ለማንም ያልተመደበ ዝርዝር ከጊዜ በኋላ የማይከፈት መጋዘን ይሆናልና።

ረቡዕ

ስለ መዋሃድ ሁለት ነገር ልጨምር። አንድ ታካሚ ሁለት ካርድ ወጥቶለት ሲገኝ መዝገቦቹ ይዋሃዳሉ፤ በኤችኤል 7 ይህ “ኤ40” በሚባል መልእክት ለሌሎቹ ሥርዓቶች ይነገራል። ላብራቶሪው መልእክቱን ተቀብሎ ደረሰኝ ይሰጣል፤ ነገር ግን ምንም አያደርግበትም። ከአገልግሎት የወጣውን ቁጥር ይዞ ውጤት መላኩን ቀጥሏል። ስለሆነም የመሀሉ ሰርቨር የተተዉትን ቁጥሮች ሁሉ ከአዲሱ ጋር አያይዞ የሚይዝ ሠንጠረዥ ተሠርቶለታል። የተተወ ቁጥር ዳግመኛ ለሌላ ሰው እንዳይሰጥም ከካርድ ክፍል ጋር ተስማምተናል።

በስህተት የተዋሃዱትን መልሶ መለየት ከማዋሃድ እጅግ ይከብዳል፤ ከውህደቱ በኋላ የተጻፈው ማስታወሻ የየትኛው ሰው እንደሆነ ሶፍትዌር ሊያውቅ አይችልም። በዚህ ምክንያት ማዋሃድ የሚችሉት ሰዎች ቁጥር እንዲቀነስና ሁለተኛ ሰው ሳያረጋግጠው እንዳይፈጸም አድርገናል።

ዓርብ

የምርመራ ስሞችን ማጣጣም ጀምረናል። ላብራቶሪው በራሱ አጭር ኮዶች ይሠራል፤ መዝገቡ ሎይንክን ይጠብቃል። ሎይንክ እ.ኤ.አ. በ1994 በሬገንስትሪፍ ኢንስቲትዩት የተጀመረ የላብራቶሪና የክሊኒክ መለኪያዎች መለያ ሥርዓት ነው። ሥራው ስምን ከስም ማዛመድ ይመስል ነበር። ግሉኮስን ብቻ እንመልከት። በሎይንክ 2345-7 በሴረም ወይም በፕላዝማ ውስጥ ያለ ግሉኮስ በክብደት ሲለካ ነው፤ 14749-6 ያው ግሉኮስ በዚያው ናሙና ውስጥ በሞል ሲለካ ነው። በሽንት ውስጥ ያለው ሌላ ኮድ አለው፤ በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ ያለውም እንዲሁ። ላብራቶሪው ግን ለአራቱም የሚልከው “ግሉ” የሚለውን አንድ ኮድ ነው፤ የናሙናው ዓይነት የሚታወቀው ከትዕዛዙ፣ ልኬቱ ደግሞ ከመለኪያ አሃዱ መስክ ነው። ስለዚህ የማዛመጃ ሠንጠረዣችን በአንድ ዓምድ ሊሠራ አልቻለም፤ የአካባቢው ኮድ፣ የናሙናው ዓይነትና የመለኪያ አሃዱ ሦስቱ ተጣምረው ነው ወደ አንድ ሎይንክ የሚያመሩት።

ሠንጠረዡን እኛ የኮምፒውተር ሰዎች ብቻችንን እንድንሞላው ተጠይቀን ነበር። ይህ መሆን የለበትም አልን። እያንዳንዱን መስመር የላብራቶሪው ኃላፊ ከእኛ ጋር ተቀምጦ እያየ በፊርማው አጽድቋል። ሥራው ቢጓተትም፣ ሁለት ማሽኖች አንዱን ምርመራ በተለያየ ዘዴ እንደሚሠሩና ውጤታቸው በቀጥታ እንደማይነጻጸር ያወቅነው በዚህ መቀመጥ ነው።

ሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ

የመለኪያ አሃድ። ክሬአቲኒን በአንዱ ማሽን በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ በሌላው በማይክሮሞል በሊትር ይወጣል፤ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመለወጥ በ88.4 ይባዛል። 1.2 እና 106 ማለት አንድ ኩላሊት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ዓምድ ውስጥ አሃዳቸው ሳይታይ ቢደረደሩ ግን ሐኪሙ የታካሚው ኩላሊት በአንድ ሌሊት ሥራ ያቆመ ይመስለዋል።

የመሀሉ ሰርቨር ሁሉንም ወደ አንድ አሃድ ቀይሮ እንዲያስተላልፍ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አልተቀበልነውም። ላብራቶሪው ያረጋገጠውና የፈረመበት ቁጥር ያው ቁጥር ሆኖ መዝገቡ ላይ መታየት አለበት፤ የማጣቀሻ ወሰኑም፣ ማለትም ጤናማ የሚባለው የውጤት ክልል፣ ከእርሱ ጋር። ለውጥ የሚደረገው የውጤቶችን አዝማሚያ በሚያሳየው ግራፍ ላይ ብቻ ሲሆን፣ የተለወጠ መሆኑም እዚያው ይጻፋል። የአሃድ መስኩ ባዶ የሆነ የቁጥር ውጤት ግን ከየትኛውም ማሽን ቢመጣ አይገባም። ይህ ደንብ በሥራ ላይ በዋለ ጊዜ በሰው ወደሚታየው ዝርዝር የሄደው ውጤት በዛ፤ ጫናውም ላብራቶሪው ላይ አረፈ። ሆኖም ጉድለቱ የነበረው በጥቂት ምርመራዎች ቅንብር ላይ ስለሆነ እነርሱ ሲሟሉ ዝርዝሩ ሟሸሸ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ትንሽ ይመስላል፤ እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ አሳስቦኛል። ማሽኑ ሊለካው ከሚችለው በታች የሆነ ውጤት “ከ0.01 ያነሰ” ተብሎ ከፊቱ ምልክት ይዞ ይመጣል። የመዝገቡ መስክ ቁጥር ብቻ ስለሚቀበል ምልክት ያለበትን አይቀበልም። ሶፍትዌሩን ያቀረበልን ወገን ምልክቱን አንሥተን ቁጥሩን ብቻ እንድናስገባ መከረን። ምልክቱ ከተነሣ ግን “አልተገኘም” ማለት የነበረው “0.01 ተገኝቷል” ይሆናል፤ ከላይኛው ወሰን በላይ የሆነውም ልኩ ያልታወቀ መሆኑ ቀርቶ ልክ እንደተለካ ሆኖ ይቀመጣል። በፋየር ውስጥ የመጠን መስክ ከቁጥሩ ጎን ማነጻጸሪያ ምልክት የሚይዝበት የራሱ ቦታ አለው፤ ምልክቱን ወደዚያ አሳልፈናል፤ መዝገቡም ከቁጥሩ ጋር አብሮ እንዲያሳየው ተደርጓል። ይህ እስኪፈጸም ድረስ እንዲህ ያሉት ውጤቶች በኤሌክትሮኒክ አልተላለፉም።

ሐሙስ

የተስተካከሉ ውጤቶችን ስንፈትሽ ቆይተናል። እያንዳንዱ ውጤት ደረጃውን የሚገልጽ ፊደል ይዞ ይመጣል፤ “ፒ” ጊዜያዊ፣ “ኤፍ” የመጨረሻ፣ “ሲ” የመጨረሻው ከወጣ በኋላ የታረመ፣ “ደብልዩ” ደግሞ በተሳሳተ መልኩ፣ ለምሳሌ በሌላ ታካሚ ስም ተልኮ የነበረ ማለት ነው። በፈጠራ ታካሚ ላይ ይህን ሁኔታ ሠራን፤ ናሙናው ቀጥኖ ተመርምሮ በማቅጠኛው ልክ ሳይባዛ ውጤቱ ወጣ፤ ጥቂት ቆይቶ ላብራቶሪው አርሞ ላከ። መዝገቡ አዲሱን ቁጥር በአሮጌው ላይ ጽፎ አለፈ። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን አይቶ መድኃኒት ያዘዘው ሐኪም የሆነውን የሚያውቅበት መንገድ የለም፤ ተመልሶ ቢያይም “እኔ ያየሁት ይህ አልነበረም” ብሎ ራሱን ይጠራጠራል።

አሁን የታረመው ከላይ ሆኖ አሮጌው ሥሩ ተሰርዞበት ይታያል፤ ፊተኛውን ከፍቶ ላየ ሰው ሁሉም በስሙ ማሳሰቢያ ይላካል። “ደብልዩ” የመጣለት ውጤት ደግሞ በፋየር “በስህተት የገባ” የሚለውን ደረጃ ይዞ ከዕለት ተዕለት ዕይታ ይወጣል፤ በታሪኩ ውስጥ ግን ይኖራል።

የመድረስ ቅደም ተከተልም ይህንኑ ይነካል። የመጀመሪያው ውጤት በኔትወርክ ምክንያት ተይዞ ቆይቶ ከእርማቱ በኋላ ሊደርስ ይችላል። መጨረሻ የደረሰው ትክክለኛ ነው ብሎ የሚያምን ሥርዓት እርማቱን በስህተቱ ይሽረዋል። ስለዚህ የምናወዳድረው የደረሰበትን ሰዓት ሳይሆን ላብራቶሪው ውጤቱን ያወጣበትን ሰዓት ነው፤ የታረመ ውጤትም በምንም ሁኔታ ባልታረመ አይተካም።

አራተኛው ሳምንት፣ ሰኞ

ሆን ብለን ገመዱን ነቀልን። የመሀሉ ሰርቨር ከኔትወርክ ሲለይ ላብራቶሪው መልእክቶቹን በወረፋ ያዘ፤ ገመዱ ሲመለስ በተራቸው ለቀቃቸው። ከዚያ የከፋውን ሁኔታ ሞከርን፤ መልእክቱ ገብቶ ደረሰኙ ብቻ በመንገድ ሲጠፋ። ላኪው መልእክቱ አልደረሰም ብሎ ደገመው፤ ፖታሺየሙም መዝገቡ ላይ ሁለት ጊዜ ታየ። በመልእክቱ ራስጌ አሥረኛው መስክ የእያንዳንዱ መልእክት የማይደገም ቁጥር የሚቀመጥበት ነው፤ አሁን ሰርቨሩ ይህን ቁጥር አይቶ ድግሙን ወደ መዝገቡ አያሳልፈውም፤ ለላኪው ግን የተለመደውን ደረሰኝ ይሰጠዋል። ደረሰኙ ቢከለከል ላኪው ሳያቋርጥ ይደግማል፤ ከኋላው የቆሙት ውጤቶችም ይታገታሉ።

በዚሁ ፈተና ናሙናው ከመወሰዱ በፊት የወጣ ውጤት አገኘን። የአንድ መመርመሪያ ማሽን ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ነበር። ሁሉም ሰርቨሮችና ማሽኖች ሰዓታቸውን ከአንድ የጊዜ ሰርቨር እንዲወስዱ ተደርጓል።

ረቡዕ

ራዲዮሎጂው ብዙም አላስቸገረም፤ ዳይኮም እ.ኤ.አ. በ1985 ከወጣው ቀዳሚው ጀምሮ፣ የአሁኑን ስም ካገኘበት ከ1993 ወዲህም፣ በምስል ማሽኖች አምራቾች ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ትዕዛዙ ከመዝገቡ ሲወጣ በማሽኑ የሥራ ዝርዝር ላይ የታካሚው ስምና ቁጥር ራሱ ይወርዳል፤ ራዲዮግራፈሩ ይመርጣል እንጂ አይጽፍም። ምስሎቹን ወደ መዝገቡ አንቀዳም፤ ሪፖርቱና ወደ ምስሉ የሚያደርሰው ሊንክ ብቻ ይሄዳሉ። ትዕዛዝ ሳይኖር በድንገተኛ የተነሡ ምስሎች ወደዚያው የካርድ ክፍል ዝርዝር ይገባሉ።

አምስተኛው ሳምንት፣ ሰኞ

ፋርማሲው። የዓለም ጤና ድርጅት ኤቲሲ የሚባል የመድኃኒት ምደባ አለው፤ አሞክሲሲሊን በእርሱ ጄ01ሲኤ04 ነው። ለስታቲስቲክስ ይህ ይበቃል፤ ለዕደላ ግን አይበቃም፤ 250 ሚሊግራም ካፕሱል፣ 500 ሚሊግራም ካፕሱልና የሕፃናት ሽሮፕ ሁሉም አንድ ኮድ ናቸው። ስለዚህ ንጥረ ነገሩን፣ ጥንካሬውንና ቅርጹን አጣምሮ የሚይዝ የራሳችን ዝርዝር ከፋርማሲስቶቹ ጋር እየተሠራ ነው።

ሁሉም ሰው አዲስ የመድኃኒት ትዕዛዝ በቶሎ እንዲተላለፍ ይፈልጋል። እኔ ግን የማቆሚያው ትዕዛዝ ቀድሞ እንዲሠራ ተከራክሬ ተቀባይነት አግኝቻለሁ። አዲስ ትዕዛዝ ሳይደርስ ቢቀር ነርሷ መድኃኒቱን ስታጣ ትጠይቃለች፤ የማቆሚያው ሳይደርስ ሲቀር ግን መድኃኒቱ በሰዓቱ ይመጣል፣ በሰዓቱ ይሰጣል፤ ማንም የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም። የአለርጂ መረጃም እንዲሁ ነው። በመዝገቡ ላይ በነጻ ጽሑፍ “ፔኒሲሊን አይስማማውም” ተብሎ የተጻፈ ማስታወሻ ፋርማሲው ዘንድ ሲደርስ ሶፍትዌሩ ከፔኒሲሊን ወገን ከሆነው ከአሞክሲሲሊን ጋር አያገናኘውም። በተለይ ደግሞ ባዶ የሆነው የአለርጂ መስክ “የለውም” ተብሎ እየተላለፈ ነበር፤ አሁን “አልተጠየቀም” እና “ተጠይቆ የለም” የሚሉት ተለይተው ይላካሉ።

ሐሙስ

ምስጢር የመጠበቅን ጉዳይ በአጭሩ። ነባሩ የኤችኤል 7 መስመር በራሱ ምስጠራ ስለሌለው በኔትወርክ የሚያልፍ መረጃን በሚመሰጥረው በቲኤልኤስ ተሸፍኗል። ወደ ፋየሩ የሚገቡ ሶፍትዌሮች ኦኦዝ 2.0 በተባለው የመግቢያ ፈቃድ አሰጣጥ ደረጃ ፈቃድ ይወስዳሉ፤ ፋርማሲው የመድኃኒትና የአለርጂ፣ ራዲዮሎጂው የራሱን ትዕዛዞች ብቻ ያያሉ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሎጉ፣ ማለትም ሰርቨሩ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል ነው። የመሀሉ ሰርቨር ለስህተት ፍለጋ ሲል የሚያስቀምጠው የመልእክት ቅጂ ስም፣ የልደት ቀንና የኤችአይቪ ውጤት ሳይቀር ይዟል። ሎጉ አሁን የመልእክት ቁጥርና ሁኔታ ብቻ ይጽፋል፤ ሙሉው መልእክት ተመስጥሮ ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል፤ የከፈተው ሰው ስምም ይመዘገባል።

ስድስተኛው ሳምንት፣ ዓርብ

ወረቀቱና ኤሌክትሮኒኩ ጎን ለጎን እየሄዱ ነው። የላብራቶሪው ባለሙያዎች የታተመውን ውጤት ይዘው መዝገቡ ላይ ካለው ጋር መስመር በመስመር ያነጻጽራሉ፤ ልዩነት ሲገኝ መልእክቱን ፈልገን ምክንያቱን እናሳያቸዋለን። በተመላላሽ ክፍሎች የቀሩት ልዩነቶች የአቀራረብ ብቻ በመሆናቸው፣ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ እዚያ የወረቀት ውጤት መላክ እንዲቆም የላብራቶሪው ኃላፊ ፈርሟል።

በድንገተኛ ክፍል ግን ወረቀቱ ይቀጥላል። ምክንያቱ መልእክቱ አለመድረሱ አይደለም፤ ይደርሳል። ሰርቨሩ የሚያውቀው መድረሱንና መመዝገቡን ነው፤ መታየቱን አያውቅም። ተረኛው ሐኪም በሌላ አልጋ ላይ ተጠምዶ ሳለ ወረቀቱ በነርሷ እጅ ይመጣል፤ ስክሪኑ ግን ማንንም ሄዶ አይቀሰቅስም። “አይቻለሁ” የሚለው ቁልፍ በመዝገቡ ላይ ተጨምሯል፤ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ያልታየ ውጤት ወደ ተረኛ ነርሷ ስልክ እንዲሄድም ተዘጋጅቷል፤ ሁለቱም ገና አልተለመዱም። ለሕይወት የሚያሰጋ ውጤት ሲገኝ ላብራቶሪው ስልክ ደውሎ የሚናገረውና ተቀባዩ ቁጥሩን መልሶ የሚያነበው አሠራር በምንም ሁኔታ እንደማይቀር በጽሑፍ አስቀምጠናል።

የመድኃኒት ማቆሚያው መልእክት በሚቀጥለው ሳምንት በአንድ ዋርድ ይጀመራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የዋርዱ ፋርማሲስት የቆሙትን መድኃኒቶች ዝርዝር በየፈረቃው አትሞ ከመድኃኒት መስጫ ቻርቱ ጋር ያመሳክራል፤ ያልተጣጣመ ሲያገኝ የመልእክቱን ቁጥር ጽፎ ለእኛ ይሰጠናል።